ባለታሪኮቹ መጡ፣ ተራኪው ቀረ

በጎጃም ከደጀን ተነስቶ ቢቸናንና ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ጉንደ ወይንን ያቋርጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው በዚህ መንገድ ሲሄድ ከሚያልፍባቸው ስሞች አንዳንዶቹን አስቀድሞ ከመጽሐፍ ያውቃቸዋል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ የልብ ወለዱ ዋና ጉዳይ የሚፈጸምበት ስፍራ፣ የሚገኘው ወደ ቢቸና በኩል ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን የተከታተሉት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ልብ ወለዱ በሰውመሆን ይስማው ዳይሬክተርነት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢቢሲ መታየት ሲጀምር፣ በዚህ አካባቢ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ሊያይ ብቻ አልተቀመጠም። የሚያውቀውን ከሚታየው ጋር ሊያስተያይም ነበር።

እንዲህ ያለ ድራማ በታየ ቁጥር ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «መጽሐፉን ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም?» የሚል። መልሱም ብዙ ጊዜ በቆጠራ ይሰጣል። ይህ ትዕይንት ቀርቷል፣ ያኛው ተጨምሯል፣ ይህ ሰው በመጽሐፉ ሽማግሌ ነበር፣ እዚህ ጎልማሳ ሆኗል። ቆጠራው ስሕተት ባይሆንም የሚቆጥረው የሚቆጠረውን ብቻ ነው። ልብ ወለድ ከተቆጠሩት ነገሮች ሌላ የተሠራበት አንድ ነገር አለ፤ ከገጽ ወደ ምስል በሚደረገው ጉዞ መጀመሪያ መንገድ ላይ የሚቀረውም እሱ ነው። እሱን ለማግኘት ልብ ወለዱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ያስፈልጋል።

ማንኛውም ልብ ወለድ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይዟል። አንደኛው ታሪኩ ነው፤ ማን ምን አደረገ፣ ምንስ ደረሰበት የሚለው። ሁለተኛው ትረካው ነው፤ ያንን ታሪክ የሚነግረን ድምፅ ማን እንደሆነ፣ ከየት ሆኖ እንደሚያይ፣ ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ በምን ቃና እንደሚናገር። ታሪኩ ከአንዱ ጥበብ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በቃል ሊነገር፣ በመድረክ ሊሠራ፣ በግድግዳ ሊሣል ይችላል። ትረካው ግን የተሠራው ከቃላት ነው። ቃላቱ ሲነሡ እሱም አብሮ ይነሣል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ተራኪው በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ሁሉን አወቅ የሚባለው ዓይነት ነው። ከባለታሪኮቹ አንዱ አይደለም፤ ነገር ግን በሁሉም ቤት ይገባል፣ በሁሉም ልብ ውስጥ ያለውን ያነባል፣ ያለፈውንም የሚመጣውንም ያውቃል። ሲያሻው ይፈርዳል፣ ሲያሻው ያሾፋል። ታሪኩን የሚጀምረውም ከፍቅረኞቹ አይደለም። ወደ ማንኩሳ ይወስደንና የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ አንድ በአንድ ያስተዋውቀናል። ዋናው ባለታሪክ ከመወለዱ በፊት ሁለት የተጎዱ ሰዎች እንዴት ተገናኝተው ትዳር እንደመሠረቱ እንሰማለን። ቀጥሎ ልጁ ይመጣል፣ ስለቱም ይመጣል፤ ልጁ ከተረፈ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲሰጥ የተገባው ቃል። አንባቢ በዛብህን ዲማ ላይ ከፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ከሰብለ ወንጌል ፊት ለፊት ሲያገኘው፣ ሰብለ የማታውቀውን የዚህን ሰው ሸክም ያውቃል። ለምን ዝም እንዳለ ያውቃል። ይህን ዕውቀት የሰጠው ተራኪው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ድምፅ ከወረቀት ላይ እንኳ የሚሰማ ሊያደርጉት ሞክረዋል። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ማለታችን ይሁን «ይገኛል» ማለታችን ከዐረፍተ ነገሩ ካልሆነ ከፊደሉ አይታወቅም፤ «ገና» ስንልም በዓሉ ይሁን ጊዜው እንዲሁ። የፊደል መሻሻልን ይደግፉ የነበሩት ደራሲ በዚህ ልብ ወለዳቸው በሚጠብቁት ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል። ብዙ ጸሐፊ አልተከተላቸውም። ቢሆንም ነጥቡ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ይነግረናል። ጽሑፉ እንዴት ድምፅ ሊሰጠው እንደሚገባ አብሮ የተጻፈ፣ ገና ከጅምሩ ጆሮን ያሰበ ሥራ ነበር።

ጆሮውም አገኘው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው የአገሬ ሰው ሳይቀር የመጽሐፉ ባለቤት ሆነ። በየቤቱ አንድ ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን አንድ ሬዲዮ ላለው ቤት ጎረቤት ይሰበሰብ ነበርና የአድማጩ ቁጥር ከሬዲዮው ቁጥር ጋር አይመጣጠንም። ሬዲዮው በመጽሐፉ ላይ ያደረገውን በቴክኒክ ዓይን ካየነው በጣም ጥቂት ነው። ቃላቱ እንዳሉ ናቸው። ተራኪው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም እስከዚያ ድረስ ሰውነት ያልነበረው ተራኪ አሁን ጉሮሮ፣ ትንፋሽና ሳቅ አገኘ። ወጋየሁ ለየባለታሪኩ የተለየ ድምፅ እየሰጠ በመካከል ወደ ራሱ፣ ማለትም ወደ ተራኪው፣ ይመለስ ነበር። የተቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜው። አንባቢ ሲፈልግ ያቆማል፣ ሲፈልግ ወደ ኋላ ይመለሳል። አድማጭ ግን በተራኪው ፍጥነት ይሄዳል።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ባዶ ሜዳ አላገኘም። በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ መጽሐፉ አስቀድሞ ድምፅ ነበረው።

ከዚህ በኋላ ድራማው የሚሠራበትን ስልት እንመልከት። ብዙ ሰው መጽሐፍ ወደ ምስል ሲለወጥ የሚጎዳው በርዝመት ምክንያት ነው ብሎ ያስባል። የሁለት ሰዓት ፊልም ከሆነ እውነት ነው። ለተከታታይ ድራማ ግን ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። በአንድ ገጽ 280 ያህል ቃል አለ ብንል፣ 500 ገጽ ወደ 140,000 ቃል ነው። በደቂቃ 100 ቃል የሚያነብ ሰው ድምፁን አሰምቶ ለመጨረስ 23 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ የሆነ 20 ክፍል ያለው ድራማ ደግሞ 15 ሰዓት ነው። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን ገጽ ሙሉ መልክዓ ምድር የሚገልጽ ጽሑፍ በምስል ሦስት ሰከንድ እንደሚበቃው ካሰብን ልዩነቱ ከዚያም ይጠባል። ተከታታይ ድራማ የጊዜ ድኻ አይደለም ማለት ነው።

ድኽነቱ ሌላ ቦታ ነው። የቴሌቪዥን ጽሑፍ፣ ስክሪፕት የሚባለው፣ የሚጻፈው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በሚታይና በሚሰማ። «በዛብህ ስለቱን አስታውሶ ልቡ ተከፈለ» የሚል ዐረፍተ ነገር በመጽሐፍ ሙሉ ነው፤ በስክሪፕት ግን ለካሜራው ምንም አልነገረውም። ካሜራ የተከፈለ ልብ አያነሳም። የሚያነሳው ሰው ሲያቀረቅር፣ እጁን ሲሰበስብ፣ ዳዊቱን ሲያጥፍ ነው። ስለዚህ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ያንን ዐረፍተ ነገር ወደሚታይ ነገር መለወጥ አለበት፤ ለዚህም ያሉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው።

አንዱ የተራኪን ድምፅ ከምስሉ በላይ ማሰማት ነው። ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ ምስሉ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ተመልካቹም ዓይኑን ቢጨፍን የሚያጣው ነገር የለም። ሌላው ያለፈውን መልሶ ማሳየት ነው፤ እናት ስትሳል፣ ልጁ ሲታመም። ይህ ዕውቀቱን ይመልሳል፤ ሆኖም ፍቅሩ ሊፈነዳ በደረሰበት ሰዓት ታሪኩን ወደ ኋላ ይጎትታል። ሦስተኛው የተዋናዩ ፊት ነው። ካሜራው ቀርቦ ፊቱን ብቻ ሲይዝ ጥሩ ተዋናይ አንድ አንቀጽ የሚያህል ነገር በዓይኑ ሊናገር ይችላል። ሆኖም ፊት ስሜትን እንጂ ምክንያትን አይናገርም። መጨነቁን እናያለን፤ ስለ ስለቱ መሆኑን ግን ከፊቱ አናነብም።

የቀረው መሣሪያ ሚስጥረኛ ነው፤ ባለታሪኩ የልቡን የሚነግረው ሰው። ጸሐፊዎች ከሁሉ ይልቅ ወደዚህ የሚሄዱት ንግግር ለቴሌቪዥን ስለሚመች ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ይህ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ካሳ ዳምጤ፣ በቅጽል ስሙ ጉዱ ካሳ። ከባላባት ወገን ሆኖ የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ብዙ የሚናገር፣ በዚህም የተነሣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው ሰው ነው። ተራኪው ከቤቱ ሲባረር ሥራውን የሚረከብ ሰው መፈለጉ አይቀርም፤ ጉዱ ካሳ ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። በመጽሐፉ ካሳ አንድ ድምፅ ነው፤ ከእሱ በላይ ተራኪው አለ፣ በዙሪያውም የሚስቁበት ሰዎች አሉ፣ አንባቢም በእነዚህ መካከል ሆኖ ራሱ ይመዝናል። የተራኪውን ሚና ደርቦ ከያዘ ግን ባለታሪክነቱ ቀርቶ የሥራው ቃል አቀባይ ይሆናል። «ጉዱ» የሚለው ቅጽልም ትርጉሙን ያጣል፤ ሁልጊዜ ትክክል የሆነ ሰው ጉድ አይባልም።

እዚህ ላይ ራቅ ብሎ አንድ የውጭ ምሳሌ ማየት ነገሩን ያጠራዋል። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው የአሜሪካው ኤች.ቢ.ኦ. ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በ73 ክፍሎች ታይቷል። የተሠራው ከጆርጅ አር. አር. ማርቲን ልብ ወለዶች ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1996፣ አምስተኛው በ2011 ወጣ። ታሪኩ ምናባዊ ነው፤ ዘንዶ የሚበርበት፣ ሙት የሚነሣበት፣ ካርታው ሳይቀር በደራሲው የተፈጠረ ዓለም። የማርቲን አተራረክ ከሐዲስ ዓለማየሁ ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ ባለታሪክ ስም ይሰየማል፤ በዚያ ምዕራፍ አንባቢ የሚያየው ያ ሰው የሚያየውን ብቻ፣ የሚያውቀውም ያ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ነው። ንጉሡ ከንግሥቲቱ ጋር በራቸውን ዘግተው ሲነጋገሩ፣ የምዕራፉ ባለቤት በክፍሉ ውስጥ ከሌለ አንባቢም የለም።

ካሜራው ይህን በር ከፈተው። በድራማው የመጀመሪያ ዙር ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሲ ስለ ከሸፈው ትዳራቸው ብቻቸውን የሚነጋገሩበት ትዕይንት በመጽሐፉ የለም፤ በመጽሐፉ የአተራረክ ሕግም ሊኖር አይችልም ነበር። ሁለቱ የዚያ መጽሐፍ ምዕራፍ ባለቤቶች አይደሉምና። ብዙ ተመልካች ግን ከወደዳቸው ትዕይንቶች አንዱ ሆነ። የማርቲን ዓለም ወደ ምስል ሲሄድ ዕይታው ሰፋ፤ ገጹ ያልደረሰበት ክፍል ተከፈተ። የሐዲስ ዓለማየሁ ዓለም በተመሳሳይ መንገድ ሲሄድ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ተራኪው ቀድሞውንም በየክፍሉ ገብቷል፣ ከክፍሉም አልፎ በየልቡ ገብቷል። ካሜራው ሊከፍትለት የሚችለው በር የለም፤ የሚዘጋው ብዙ አለ። አንድ መሣሪያ አንዱን ሥራ ያሰፋል፣ ሌላውን ያጠባል። ሁለቱን ድራማዎች በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ያኛው ተሳክቶለታል፣ የእኛው ግን...» ማለት ይህን ልዩነት መዝለል ነው።

በምናባዊው ዓለምና በጎጃም መካከል ያለው ሁለተኛው ልዩነት ምስክር ነው። በዘንዶው አገር ልብሱ፣ ቤቱ፣ ምግቡ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ደራሲው ብቻ ነው፤ ድራማው የመሰለውን ቢሠራ የሚሟገተው አንባቢ እንጂ ነዋሪ የለም። (ዘንዶ አሳድጎ የሚያውቅ ጎረቤት ስለሌለ «ዘንዶ እንዲህ አይተኛም» የሚል አይመጣም።) የዲማ ነዋሪ ግን አለ። ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፣ በርኖስ ማን እንደሚደርብ፣ ጠጅ በብርሌ ለማን፣ ጠላ በምን እንደሚቀርብ፣ አሽከር በጌታ ፊት የት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያያል።

ለካሜራው ይህ የሚያስቸግር ብቻ አይደለም፣ የሚያግዝም ነገር አለው። ልብ ወለዱ ከጣልያን ወረራ በፊት ያለውን ዘመን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ በደጋው ጎጃም ያልተለወጠው ነገር ብዙ ነው። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ማረሻው እንዳለ ነው፤ በሰኔ ማሳ ላይ ጥንድ በሬ የሚነዳ ገበሬ ሳያውቀው ለዘመኑ ትክክለኛ ተዋናይ ነው፣ ምንም የሚለበጥ ነገር የለበትም። የተለወጠው ደግሞ ከበስተጀርባው ያለው ነው። ሣር ክዳን በነበረበት ዛሬ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ በሸንተረሩ ላይ ይሰለፋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ባሕር ዛፍ ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባው ይህ ዛፍ ዛሬ ከጉንደ ወይን እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ዓይን ባረፈበት ሁሉ ይታያል። ካሜራው ትንሽ ሰፋ አድርጎ ባየ ቁጥር ባሕር ዛፉ ይገባበታል። መፍትሔው ካሜራውን ማጥበብ ወይም ባሕር ዛፍ የሌለበትን ስፍራ ፍለጋ መሄድ ነው። የመጀመሪያው አገሩን ያሳንሰዋል፣ ሁለተኛው ዲማን ዲማ ያልሆነ ቦታ ያደርገዋል። በገጽ ላይ ተራኪው ባሕር ዛፉን ባለመጥራት ብቻ ይነቅለዋል።

የቤተ ክህነቱ ትምህርትም ሌላ ፈተና ነው። በዛብህ የተማረ ሰው ነው፤ ሰብለ ወንጌል ጋ ያደረሰውም ትምህርቱ ነው፣ ልትማር የሚገባት ልጅ ነበረችና ሊያስተምራት ገባ። ተማሪ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት ያልፋል፤ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ እህል እየለመነ። ይህ ሁሉ ለምስል ይመቻል፣ ይታያል። ቅኔው ራሱ ግን አይታይም። ቅኔ ማለት በግእዝ የሚቀኙት፣ በላዩ ሌላ በውስጡ ሌላ ትርጉም ያለው ግጥም ነው፤ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ ይባላል። ከሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ስንኝ ለመፍታት ግን የተማረ ሰው እንኳ ቆም ይላል። ያ መቆም የቅኔው አካል ነው። መጽሐፍ ያንን ጊዜ ይሰጣል፣ ድራማ አይሰጥም። ተዋናዩ ቅኔውን ዘርፎ ሲጨርስ ምስሉ ሄዷል። ስለዚህ በድራማ ቅኔ ዐዋቂ ሰው የሚታወቀው በዙሪያው ያሉት «ይበል!» በማለታቸው ነው። የዕውቀቱን ማስረጃ እናያለን፣ ዕውቀቱ ያመልጠናል።

ወደ ፊታውራሪ መሸሻ እንምጣ፤ ትረካው መቅረቱ በጣም የሚታየው እዚህ ነው። ፊታውራሪው የሚፈሩም የሚያስቁም ሰው ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ይዞ የሚያቆመው የተራኪው ምፀት ነው። ምፀት በሚባለውና በሚታሰበው መካከል ያለ ክፍተት ነው። ተራኪው የፊታውራሪውን ጀግንነት በራሳቸው ቃል፣ በሙሉ ክብር ይዘረዝርልናል፤ ሳቁ ከዝርዝሩ ሥር ይመጣል። ያ ድምፅ ሲነሣ የሚቀረው አንድ ሰው በካባ ሲጮህ ነው። ተዋናዩ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። አምባገነን ከሆኑ ሳቁ ይጠፋል። ቀልደኛ ከሆኑ ደግሞ ባላገሮቹ ለምን እንደፈሯቸው አይገባም።

ባላገሮቹ ለምን እንዳመፁም እንዲሁ። በመጽሐፉ ከልማዱ በላይ የተጠየቁት ባላገሮች በአበጀ በለው መሪነት በጌታቸው ላይ ይነሣሉ። ይህን ለመረዳት በጎጃም የነበረውን የመሬት ሥርዓት ማወቅ ያሻል። ገበሬው ርስት ነበረው፤ ከአባት ከአያት የመጣ፣ በዘር ሐረግ የሚጠየቅ መሬት። ጌታው ደግሞ ጉልት ነበረው፤ ጉልት መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ራሱን በሰው መሬት ላይ እንደተጠጋ አይቆጥርም ነበር። ግብሩን የሚከፍለው በልማድ በተወሰነ መጠን ነው፤ መጠኑ ካለፈ የልማዱ ውል ፈርሷል። በመጽሐፉ ይህ ስሌት በባላገሮቹ ሸንጎ፣ በክርክራቸው ውስጥ ይገለጻል። በምስል የሚቀረው ብዙ ጊዜ ተበዳይና በዳይ ነው፤ ቁጣው ይታያል፣ የቁጣው ሕጋዊነት ግን አይታይም። መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ መንግሥት ያወጣውን አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም በጎጃም፣ ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ፣ ገበሬዎች አመፁ። ሐዲስ ዓለማየሁ ተነበዩ ለማለት አይደለም፤ ገበሬዎቹ የተነሣሱበትን የአስተሳሰብ መሠረት በሚገባ ያውቁት ነበር።

ይህ ስለ ዘመን ሌላ ጉዳይ ያነሣል። መጽሐፉ ሲታተም የተቸው ሥርዓት ቆሞ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ጉዱ ካሳን ያነበበ ሰው አደገኛ ነገር ያነብ ነበር፤ ካሳን እብድ ያሉት የመጽሐፉ ሰዎች ከመጽሐፉ ውጭም በሥልጣን ላይ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፣ ባላባትነትም ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ካሳ ተመሳሳይ ቃል ቢናገር፣ ቃል በቃል ከመጽሐፉ ተወስዶ ቢሆን እንኳ፣ ተመልካቹ ገና ከአፉ ሳይወጣ ይስማማበታል። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተፈረደበትን ሥርዓት ነው የሚነቅፈው። ቃሉ ተጠብቋል፣ ውጤቱ ተገልብጧል። ለዚህ ነው ቆጠራው የማይበቃው፤ ትዕይንት ሳይጎድል፣ ቃል ሳይቀየር ሥራው ሊለወጥ ይችላል። ካሳ ዛሬም የሚያስደነግጥ ሰው እንዲሆን የሚፈልግ ድራማ ምናልባት ቃሉን መቀየር ይኖርበታል፤ ያኔ ደግሞ «መጽሐፉን አልጠበቀም» ይባላል።

ስለ መጨረሻው ብዙ መናገር አያስፈልግም። የማርቲን ተመልካች ማን እንደሚሞት አያውቅም ነበር፤ ድራማው መጽሐፎቹን ቀድሞ ሲሄድማ አንባቢውም አላወቀም። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን መጨረሻውን በሽፋኑ ላይ ጽፈውታል። የቴሌቪዥን ተከታታይ ሥራ በየክፍሉ ማብቂያ «ከዚህ በኋላ ምን ይሆን?» በሚል ጉጉት ስለሚንቀሳቀስ፣ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ጉጉቱን ወደ «እንዴት?» ማዞር አለበት። ይህ ጉድለት አይደለም። እዚህ አገር የቅዱሳንን ገድል ከዓመት ዓመት የሚሰማ ምእመን መጨረሻውን እያወቀ ነው የሚያዳምጠው።

ታዲያ ድራማውን በምን መዝኖ ማየት ይሻላል? እስካሁን ከቀረበው ተነሥቼ እኔ የምጠይቀው፣ ተራኪው ሲወጣ ሥራው ለማን ተሰጠ የሚለውን ነው። የፊታውራሪውን ምፀት የተሸከመው ማን ነው፤ ልብሱ ነው፣ ዝምታው ነው ወይስ ማንም? ስለቱን የሚያስታውሰን ምንድን ነው? የባላገሮቹ ስሌት በየትኛው አፍ ተነገረ? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚያይ ሰው አንድ ምዕራፍ ሙሉ የተዘለለበትን ክፍል ታማኝ፣ ቃል በቃል የተቀዳውን ደግሞ ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ድራማው ሥራውን ለመልክዓ ምድሩና ለዝምታ ሲሰጥ የሚጠነክር ይመስለኛል፤ ሁሉን ለካሳ አፍ ሲሰጥ ይደክማል።

በዚህ አካባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታያል። ድራማውን አይተው ወደ መጽሐፉ የሚመለሱ ወጣቶች ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን በተዋናዮቹ መልክ ያነባሉ፤ መልኩ ተወስዷል፣ ከእንግዲህ አይመለስም። ወላጆቻቸው ያንኑ ገጽ ሲገልጡ የሚሰሙት የወጋየሁን ድምፅ ነው። ባለታሪኮቹ ፊት አግኝተዋል፣ ተራኪው ደግሞ ጉሮሮ። በአንድ ቤት፣ አንድ መጽሐፍ ላይ፣ አባት «ማንኩሳ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ሬዲዮ ይሰማል፣ ልጅ ግን ፊት ያያል።